የሱቫው ኮሎኔል

ሊዮኒዳስ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1879 ፊጂ ደርሳ መልሕቋን ስትጥል ከ450 በላይ ሕንዳውያንን ይዛ ነበር። ሰዎቹ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ለአምስት ዓመት ሊሠሩ የፈረሙ የውል ሠራተኞች ናቸው። ደሴቶቹን በ1874 የጠቀለለችው ብሪታንያ የአገሬው ተወላጅ ከመንደሩና ከመሬቱ እንዳይነቀል ወስና ስለነበር፣ ለስኳሩ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከሌላው ግዛቷ ከሕንድ አመጣች። እስከ 1916 ድረስ የመጡት ከ60 ሺህ አለፉ። አብዛኞቹ ውላቸውን ጨርሰው እዚያው ቀሩ፤ ወለዱ ከበዱ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ ታክሲ ነዱ፣ ልጆቻቸውን አስተምረው ጠበቃና ሐኪም አደረጉ። መሬቱ ግን የእነሱ አልሆነም። ከአገሪቱ መሬት ከ80 በመቶ በላይ የሆነው የማይሸጥ የማይለወጥ የተወላጆቹ የወል ርስት ነው፤ ሕንዳዊው ገበሬ አገዳውን የሚተክለው በኪራይ መሬት ላይ ነበር።

ፊጂ ኦክቶበር 10 ቀን 1970 ነፃ ስትወጣ ይህ ሁሉ ሳይፈታ ወደ ፓርላማ ገባ። የምርጫ መዝገቡ ራሱ በዘር የተከፈለ ነበር። በጠቅላይ ሚኒስትርነት የተቀመጡት ራቱ ሰር ካሚሴሴ ማራ ከታላላቅ ባላባቶች ወገን ናቸው፤ በአገሩ ወግ «ራቱ» የባላባት ልጅ መጠሪያ ነው። በ1977 ሕንዳውያኑ የሚበዙበት ብሔራዊ ፌዴሬሽን ፓርቲ በጠባብ ልዩነት ቢያሸንፍም መሪውን መምረጥ አቅቶት ሲጨቃጨቅ፣ ጠቅላይ አገረ ገዥው ማራን መልሰው ሾሟቸው። ሥልጣን ከባላባቶቹ እጅ እንደማይወጣ ብዙ ሰው ያመነው ያኔ ነው። ነፃነት በታወጀ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት የተካሄደው ቆጠራ ደግሞ ቁጥሩን ፊት ለፊት አስቀመጠው፦ ከ715 ሺህ ሕዝብ ሕንዳውያኑ 48.7፣ ተወላጆቹ 46 በመቶ።

ሲቲቬኒ ራቡካ የባላባት ልጅ አይደሉም። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1948 የተወለዱት ከሁለተኛዋ ትልቅ ደሴት ከቫኑዋ ሌቩ፣ ናቴዋ ሰላጤ ዳር ነው። የተማሩት ግን በክዊን ቪክቶሪያ ትምህርት ቤት ነው፤ ከተወላጆቹ መሪዎች ብዙዎቹ የሚወጡት ከዚያ ነበር። ቁመታቸው ዘለግ፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ወጣት ስለነበሩ ስፖርቱ ቀድሞ አወቃቸው። ለፊጂ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ ተጫውተዋል። በ1974 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ደግሞ በአሎሎ፣ በዲስከስ፣ በመዶሻ ውርወራና በዴካትሎን አገራቸውን ወክለው ተወዳድረዋል። በአንድ ውድድር አራት ዓይነት ስፖርት! ፊጂ ትንሽ አገር ናት፤ ጉልበተኛ ሲገኝ የሚጫንበት ሥራ ብዙ ነው።

ወታደርነቱንም የተማሩት በውጭ አገር ነው። በኒውዚላንድ የመኮንንነት ኮርስ ወሰዱ፣ በ1979 በደቡብ ሕንድ ዌሊንግተን በሚገኘው የጦር ስታፍ ኮሌጅ ሠለጠኑ፣ ቀጥሎም አውስትራሊያ ሄዱ። ሕንዳውያንን ከሥልጣን በማውረድ ስሙ የሚነሣው መኮንን የጦር ትምህርቱን በከፊል ከሕንድ መቅሰሙ የሚገርም ነው። ሊባኖስም ተላኩ። የፊጂ ጦር በቁጥር ትንሽ ቢሆንም ከ1978 ጀምሮ ለተባበሩት መንግሥታት የሊባኖስ ሰላም አስከባሪ ወታደር ያዋጣ ነበር፤ ለአንድ መንደር ወጣት ሰማያዊው ቆብ ደመወዝም ክብርም ነው። ራቡካ እዚያ ላሳዩት አገልግሎት ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ኒሻን አገኙ። ቀጥለውም በሲና በረሃ የሰፈረውን የፊጂ ሻለቃ አዘዙ። ወደ ሱቫ ሲመለሱ ሌተናል ኮሎኔል ናቸው፤ በጦሩ ውስጥ ሦስተኛው ሰው።

ኤፕሪል 1987 ማራ ምርጫ ተሸነፉ። ያሸነፋቸው የሌበር ፓርቲና የብሔራዊ ፌዴሬሽን ፓርቲ ጥምረት ከ52 መቀመጫ 28ቱን ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ቲሞዚ ባቫድራ ራሳቸው ተወላጅ ናቸው፤ ሐኪምና የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ አነጋገራቸው ለስለስ ያለ። የመሬትንና የአገር ውስጥ ጉዳይን የመሳሰሉትን ስሱ ሥልጣኖች ሆን ብለው ለተወላጆች ሰጡ። አላዳናቸውም። ከ28ቱ የጥምረቱ አባላት 19ኙ ሕንዳውያን መሆናቸው ለተቃዋሚዎቹ ይበቃ ነበር። «ታውኬይ» የተባለ የተወላጆች ንቅናቄ መንገድ ዘጋ፣ ሰልፍ ወጣ፤ በሕንዳውያን ቢሮዎች ላይ ፔትሮል ቦምብ ተወረወረ። ወሬው አንድ ነበር፦ መሬታችን ሊወሰድ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥት የታጠረ መሆኑን፣ አጥሩን ለማፍረስም የባላባቶቹ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት የወሬው አናፋሾች ራሳቸው ነበሩ።

ሜይ 14 ቀን 1987፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት፣ ፓርላማው እንደወትሮው ተሰብስቦ ነበር። ሊዮኒዳስ ከደረሰች ልክ 108 ዓመት። ራቡካ የሲቪል ልብስ ለብሰው ለሕዝብ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አለቃቸው ብርጋዴር ጄኔራል ራቱ ኤፔሊ ናይላቲካው በሥራ ጉዳይ ውጭ አገር ናቸው። ከተቃዋሚው ወንበር ተነሥተው የሚናገሩት ታኒዬላ ቬይታታ የሚባሉ የታውኬይ ሰው ነበሩ። ንግግራቸው ስለ ሰላም ነው። ማኦ የፖለቲካ ሥልጣን ከጠመንጃ አፈሙዝ ይወጣል ማለቱን ጠቅሰው፣ በፊጂ ግን ጠመንጃ የለም፣ የምናከብራቸው ባላባቶች አሉን ሲሉ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ መዝግቦታል።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ፊታቸውን በጋዝ ጭምብል የሸፈኑ አሥር ያህል የታጠቁ ወታደሮች ገቡ፤ የሚመራቸው ሻምበል ሁሉም ባለበት እንዲቀመጥ አዘዘና መንግሥት መያዙን ተናገረ። ያኔ ራቡካ ከወንበራቸው ተነሥተው ወረዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በጨዋ አነጋገር ሰዎቻቸውን ይዘው እንዲወጡ ጠየቋቸው። ባቫድራና የመንግሥቱ ወገን አባላት ውጭ በቆሙት የጦር መኪኖች ተጭነው ወደ ጦር ሰፈር ተወሰዱ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። የአንድ ወር ዕድሜ የነበረው መንግሥት እንዲህ አበቃ።

አዛዡ ኮሎኔል ከዚያ ያደረጉት ነገር የፊጂን ወግ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነው። የያዙትን ሥልጣን ይዘው በቀጥታ ወደ ጠቅላይ አገረ ገዥው ወደ ራቱ ሰር ፔናያ ጋኒላው ሄዱ። ጋኒላው የንግሥት ኤልሳቤጥ እንደራሴ ብቻ አልነበሩም፤ የራቡካ የትውልድ አውራጃ ባላባትም ናቸው። መንግሥት የገለበጠው ኮሎኔል በባላባቱ ፊት ያው የመንደሩ ልጅ ነው። ጋኒላው በመጀመሪያ የተደረገው ሁሉ ሕገ ወጥ ነው አሉ፤ ዳኞቹም ከጎናቸው ቆሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ፓርላማውን በተኑ፣ ለወታደሮቹ ምሕረት ሰጡ፣ አስተዳደሩንም ራሳቸው ያዙት። ራቡካ ባወጡት የሚኒስትሮች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ተሸናፊው ማራ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ታዩ። ማራ ስለ መፈንቅለ መንግሥቱ አስቀድመው ያውቁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከተላቸው፤ እሳቸውም እንደካዱ አለፉ።

ሜይ 19 ቀን ናዲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ የማረፊያው ሠራተኛ ዲናማይት ይዞ የኤር ኒውዚላንድን ቦይንግ 747 አገተ፤ ባቫድራና ሰዎቻቸው ይፈቱ አለ። ከሰዓታት በኋላ የአውሮፕላኑ መሐንዲስ ዘወር ሲልለት በዊስኪ ጠርሙስ ጭንቅላቱን መታው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ታሳሪዎቹ የተለቀቁት በዚያው ዕለት ነው።

ቀጣዮቹ አራት ወራት በድርድር አለፉ። የፊጂ ዶላር ዋጋው ወደቀ፤ የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሱ፣ የሒሳብ አዋቂው ሕንዳዊ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለካናዳ ቪዛ ሰልፍ ያዘ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ማራና ባቫድራ በጋኒላው አስታራቂነት ደውባ በተባለች በባሕር ጠረፍ ያለች መንደር የጋራ መንግሥት ለመመሥረት ተስማሙ። ስምምነቱ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ። ሴፕቴምበር 25 ራቡካ ሁለተኛውን መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ። የመጀመሪያው ባላባቶቹን ወደ ሥልጣን ለመመለስ የተደረገ ከሆነ፣ ይሄኛው ባላባቶቹ ራሳቸው የተዋዋሉትን አፈረሰ። ለእኔ የሰውዬው ታሪክ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፦ ከዚህ ቀን በፊት ራቡካ የሌሎች ጡንቻ ነበሩ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ግን ፖለቲከኛ ናቸው።

ጋዜጦች ተዘጉ፣ ሕገ መንግሥቱ ተሰረዘ፤ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ፊጂ ሪፐብሊክ ናት ተባለ። በዚያው ወር ቫንኩቨር ላይ የተሰበሰቡት የኮመንዌልዝ መሪዎች የፊጂ አባልነት ማብቃቱን ተናገሩ። ዘውዱን ከሕንዳውያን አብልጠው የሚወዱት ተወላጆቹ ስለነበሩ ይህ ለብዙዎቹ መርዶ ነበር፤ በየሳሎናቸው የንግሥቲቱ ፎቶግራፍ እንደተሰቀለ ነበር። ዲሴምበር 5 ቀን ራቡካ ሥልጣኑን ለሲቪሎች አስረከቡ፤ ፕሬዚዳንቱ ጋኒላው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማራ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ራቡካ ጄኔራል ሆኑ፣ ጦሩን ያዙ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነቱንም ጨመሩ።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪም ናቸው፤ ይህም በአዋጅ ተንጸባረቀ። እሑድ ሱቅ መክፈት፣ አውቶቡስ ማንቀሳቀስ፣ ኳስ መጫወት ተከለከለ። ሂንዱውና ሙስሊሙም እሑድን ቤቱ እንዲውል ተገደደ። ባቫድራ በ1989 ኖቬምበር በካንሰር ሞቱ። በ1990 ጁላይ የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት የተፈለገውን በቁጥር ጻፈው፦ ከ70 መቀመጫ 37ቱ ለተወላጆች፣ 27ቱ ለሕንዳውያን፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተወላጅ መሆን አለበት። ለ1987ቱ ወታደሮች ያለመከሰስ ከለላ የሚሰጥ አንቀጽም ገባበት።

በ1991 ራቡካ ዩኒፎርማቸውን አወለቁ። ታላቁ የባላባቶች ምክር ቤት «ኤስ ቪ ቲ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቅ ፓርቲ ሲያቋቁም ለመሪነቱ የተፎካከሯቸው የማራ ባለቤት አዲ ላላ ማራ ነበሩ፤ እሳቸውም በትውልድ ከታላላቆቹ ባላባቶች አንዷ ናቸው። ተራው ሰው አሸነፈ። በ1992 ምርጫ ፓርቲው ከ37ቱ የተወላጆች መቀመጫ 30ውን አገኘ፤ መንግሥት ለመመሥረት ግን ስድስት ጎደለው። በዚያ ላይ ከራሱ ከፓርቲው ውስጥ ጆሴፋታ ካሚካሚዛ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን እፈልጋለሁ ብለው ተነሡ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለባበጠው። ራቡካን ያዳናቸው ማን ሆነ? ከአምስት ዓመት በፊት በጠመንጃ ያባረሩት የሌበር ፓርቲ! መሪው ማሄንድራ ቾድሪ በ1987 ከካቢኔው ጋር በጦር መኪና ከተጫኑት ሚኒስትሮች አንዱ ናቸው። አሁን 13 መቀመጫቸውን ይዘው ቀረቡና የድጋፋቸውን ዋጋ ጠሩ፦ ሕገ መንግሥቱ ይከለስ፣ የሠራተኛ ሕጉ ይሻሻል፣ የመሬት ኪራዩ ጉዳይ መላ ይበጅለት፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይቅር። ራቡካ በጽሑፍ እሺ አሉ፤ ጁን 2 ቀን 1992 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ቾድሪ ጥለው ወጡ። በ1993 መጨረሻ የራቡካ በጀት በራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጭምር ተጣለ፤ ምርጫ ጠርተው በ1994 ከበፊቱ በአንድ መቀመጫ በልጠው ተመለሱ። ጋኒላው በዲሴምበር 1993 ስለሞቱ ፕሬዚዳንትነቱ ወደ ማራ ሄዷል። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ፕሬዚዳንቱ የጎሪጥ እየተያዩ አብረው ኖሩ።

ስለ አስተዳደራቸው ሲነሣ የማይታለፈው የፊጂ ብሔራዊ ባንክ ነው። ከ1987 በኋላ ለተወላጆች ንግድ በሚል ብድሩ እንደ ጉድ ተበተነ፤ ከተበዳሪዎቹ መካከል ባለሥልጣናትና ባላባቶች ነበሩበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጉዱ ሲወጣ የማይመለሰው ብድር 220 ሚሊዮን የፊጂ ዶላር ገደማ ደረሰ። ዕዳው የተከፈለው ከሁሉም ኪስ ነው፤ ብድር አይቶ ከማያውቀው የአገዳ ቆራጭ ጭምር።

ሰውዬው መለወጥ የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው። በ1995 አንድ ኮሚሽን ተሰየመ፦ ሰብሳቢው የቀድሞው የኒውዚላንድ ጠቅላይ አገረ ገዥ ሰር ፖል ሪቭስ፣ አባላቱ ቶማሲ ቫካቶራ ከተወላጆቹ፣ የታሪክ ምሁሩ ብሪጅ ላል ከሕንዳውያኑ። ላል የውል ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነው፤ የተወለደው ቫኑዋ ሌቩ ላይ ታቢያ በምትባል የአገዳ መንደር ነው። ሦስቱ አገሩን ዞረው አዳመጡና በ1996 ሴፕቴምበር 697 ምክረ ሐሳብ የያዘ ሪፖርት አቀረቡ። ጥርጣሬ ይዞት ከኮሚሽኑ የገባው ቫካቶራ እንኳ በስምምነት ፈረመ። ኮሚሽኑ አብዛኛው መቀመጫ ዘር ሳይለይ እንዲመረጥ ቢመክርም ፓርላማው ገልብጦ ከ71ዱ 46ቱን በዘር አስቀረው፤ ቢሆንም ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ለሁሉም ተከፈተ።

ይህን ለባላባቶቹ ማሳመን የራቡካ ሥራ ነበር፤ ብቻቸውንም አልሠሩትም። የብሔራዊ ፌዴሬሽን ፓርቲው መሪ ጃይ ራም ሬዲ ጁን 6 ቀን 1997 በታላቁ የባላባቶች ምክር ቤት ፊት ቆመው ተናገሩ፤ ከሕንዳውያን መሪዎች ይህን ዕድል ሲያገኝ የመጀመሪያው ሬዲ ናቸው። ባላባቶቹ ተቀበሉ። ፓርላማው በጁላይ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ኦክቶበር 1 ቀን ፊጂ ወደ ኮመንዌልዝ ተመለሰች፤ ራቡካም ለንደን ሄደው ለንግሥት ኤልሳቤጥ «ታቡዋ» አቀረቡ። ታቡዋ በገመድ የተንጠለጠለ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ በፊጂ ለጋብቻ፣ ለዕርቅ፣ ለይቅርታ የሚቀርበው ከሁሉ የከበረ መንሻ። ዘውዷን ያወረደው ወታደር አጎንብሶ ካሳውን ከፈለ ማለት ነው።

መራጩ ግን አልከፈለላቸውም። በ1999 ሜይ ራቡካና ሬዲ ተጣምረው ተወዳደሩና ሁለቱም ተዘረሩ። ተወላጁ ራቡካን «ሸጠኸናል» አላቸው፤ ሕንዳዊው ሬዲን «ከገልባጭ ጋር ማበር?» አላቸው። የራቡካ ፓርቲ ከ71 መቀመጫ ስምንት ብቻ አገኘ። የሬዲ ፓርቲ ከሕንዳውያኑ ድምፅ ሲሶ ያህሉን አግኝቶ አንድም መቀመጫ አልደረሰውም፤ ራሳቸው ያጸደቁት የድምፅ አቆጣጠር ዘዴ ነው የበላቸው። ሌበር 37 መቀመጫ ወስዶ ቾድሪ ሜይ 19 ቀን የመጀመሪያው ሕንዳዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ራቡካ ሳያቅማሙ አስረከቡ። ይህ እንደ ቀላል ነገር ባይታለፍ ጥሩ ነው፤ በ1987 እንዲህ ያለውን ውጤት በጠመንጃ የቀለበሱት እሳቸው ናቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ባላባት ሳይሆኑ የባላባቶቹ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። ኮመንዌልዝ ደግሞ የሰለሞን ደሴቶችን የጎሳ ግጭት እንዲያበርዱ ልዑክ አድርጎ ላካቸው። አንድ ገልባጭ አስታራቂ ተብሎ ሲላክ ፈገግ ያሰኛል፤ ቢሆንም በ1999 ጁን መጨረሻ ሆኒያራ ላይ የሰላም ስምምነት አስፈርመዋል።

ሜይ 19 ቀን 2000፣ ቾድሪ በተሾሙበት ዓመቱ ዕለት፣ ጆርጅ ስፔት የተባለ ነጋዴ ከታጣቂዎች ጋር ፓርላማ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከነካቢኔያቸው አገተ። ሊያደራድሩ የሄዱት ራቡካ አልተሳካላቸውም። የ1987ቱ ድርጊት በደቂቃዎች ያለ ደም አልቆ ነበር፤ ይሄኛው 56 ቀን ፈጀ፣ ሱቫ ተዘረፈች፣ ሰው ሞተ፣ ማራም ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። ኖቬምበር 2 ቀን ደግሞ በክዊን ኤልሳቤጥ ጦር ሰፈር ወታደሮች በአዛዣቸው በፍራንክ ባይኒማራማ ላይ አመፁ። ባይኒማራማ በካሳቫ ማሳ ውስጥ ሸሽተው ተረፉ፤ ስምንት ወታደሮች ሞቱ፤ ከእነዚህ አራቱ እጃቸው ከተያዘ በኋላ ተደብድበው የተገደሉ አማፅያን ናቸው። በዚያን ቀን ራቡካ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ታይተዋል። ላስታርቅ ነው የሄድኩት አሉ፤ አዛዡ አላመኗቸውም።

ክሱ የመጣው በ2006 ነው፦ ለአመፅ ማነሣሣት። የ1987ቱን በከለላ ያለፉት ሰው ሌሎች ባካሄዱት አመፅ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሙ። ፍርዱ ሲጠበቅ ዲሴምበር 5 ቀን ባይኒማራማ ራሳቸው መንግሥት ገለበጡ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 11፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራቡካን በነፃ አሰናበተ። ቀጥሎ ያለው አሥራ ስድስት ዓመት የባይኒማራማ ነው። በ2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥታቸውን ሕገ ወጥ ሲለው የ1997ቱ ሕገ መንግሥት ተሻረ፤ ብሪጅ ላል ስለተቃወመ ከአገር ተባረረ፤ በ2012 የባላባቶቹ ምክር ቤት ፈረሰ፤ በ2013 በወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት የዘር መዝገቡ ቀርቶ ሁሉም ዜጋ በእኩል «ፊጂያዊ» ተባለ። ሕንዳውያኑ ለዚህ አመሰገኑ፤ ግን ቁጥራቸው መንምኖ ነበር፤ በ2007ቱ ቆጠራ 37.5 በመቶ ብቻ ሆነዋል።

ራቡካ በ2016 ሶዴልፓ የተባለውን የተወላጆች ተቃዋሚ ፓርቲ መምራት ጀመሩ። በ2018 ንብረት በትክክል አላስመዘገቡም ተብለው ተከሰሱ፤ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ጉዳዩ ውድቅ ሆነላቸው። ፓርቲያቸው 21 መቀመጫ አገኘ፣ የባይኒማራማው ፊጂ ፈርስት 27። በ2020 ሶዴልፓ ከመሪነት አወረዳቸው፤ ከፓርላማም ወጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው አበቃላቸው ሲል ሌላ ፓርቲ አቋቋሙና «የሕዝብ ኅብረት» አሉት።

የ2022ቱ ምርጫ ዲሴምበር 14 ተካሄደ። ሌሊቱን ውጤት የሚያሳየው የስልክ መተግበሪያ መሐል ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ሲሠራ ቁጥሩ ተለዋውጦ ነበር። በመጨረሻው ቆጠራ ከ55 መቀመጫ ፊጂ ፈርስት 26፣ የሕዝብ ኅብረት 21፣ ብሔራዊ ፌዴሬሽን አምስት፣ ሶዴልፓ ሦስት ሆነ። የአገሪቱ ዕጣ ራቡካን ባባረረው ፓርቲ እጅ ወደቀ። ሶዴልፓ የኮሌጅ ትምህርት በነፃ ይሁን፣ የባላባቶቹ ምክር ቤት ይመለስ፣ ኢየሩሳሌም ላይ ኤምባሲ ይከፈት እያለ ከሁለቱም ወገን ተደራደረ። የፓርቲው ቦርድ በመጀመሪያ 16 ለ14 ለራቡካ ወሰነ፤ አሠራሩ ጉድለት አለበት ተብሎ ተሰረዘ፤ በድጋሚ 13 ለ12 ሆነ። በዚያው ሳምንት ፀጥታ ለማስከበር በሚል ጦሩ ፖሊስን እንዲያግዝ ተጠርቶ ነበርና ሱቫ ትንፋሿን ይዛ ሰነበተች። በገና ዋዜማ ፓርላማው በምስጢር ድምፅ ሰጠ፦ 28 ለ27። ራቡካ ከ23 ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከምክትሎቻቸው አንዱና የገንዘብ ሚኒስትራቸው የሆኑት ቢማን ፕራሳድ የብሔራዊ ፌዴሬሽን ፓርቲ መሪ ነበሩ። በ1992ም በ2022ም ወንበሩ ላይ ያስቀመጧቸው በ1987 የገለበጡት ጥምረት ወራሾች ናቸው።

ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብሪጅ ላል ቤተሰብ በሩን ከፈቱ። ምሁሩ በ2021 መጨረሻ በስደት አውስትራሊያ ሞቷል፤ በ2023 ባለቤቱ አመዱን ይዛ ተመለሰችና ታቢያ አረፈ። የፕሬስ ሕጉ ተሻረ፣ የባላባቶቹ ምክር ቤት እንደገና ተቋቋመ። ሕንዳውያኑ የመጡበት ዕለት ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ ሜይ 14 ቀን 2023 ሱቫ ውስጥ በተዘጋጀ የዕርቅ ሥነ ሥርዓት ራቡካ ስለ 1987 ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በፊትም ተጸጽቻለሁ ብለው ያውቃሉ። ይቅርታቸውን በሙሉ ልብ የተቀበለ አለ፤ ኦክላንድና ሲድኒ ሆኖ «ቤቴን ሸጬ ከወጣሁ በኋላ?» ያለም አለ።

ባይኒማራማ በሜይ 2024 የፍትሕን ሂደት በማደናቀፍ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ፓርቲያቸውም ከመዝገብ ተሰረዘ። የተዉት ሕገ መንግሥት ግን ቀረ። እሱን ለማሻሻል ከፓርላማው ሦስት አራተኛ፣ ከዚያም ከተመዘገበው መራጭ ሁሉ ሦስት አራተኛ ያስፈልግ ነበር። ራቡካ በማርች 2025 ይህን ለማላላት ያቀረቡት ረቂቅ በገዛ ምክር ቤታቸው የሚፈለገውን ድምፅ አጣ። ሁለት ጊዜ በወታደር ሕገ መንግሥት ያስቆሙት ሰው በዚህኛው ጊዜ ጥያቄያቸውን ይዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኞቹ በኦገስት መጨረሻ መልስ ሰጡ፦ የ2013ቱ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ ለማሻሻል ግን በፓርላማ ሁለት ሦስተኛ፣ በሕዝበ ውሳኔ ደግሞ ድምፅ ከሰጠው ሰው ከግማሽ በላይ ይበቃል።